ነገረ ኪቦርድ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በገዛ ቋንቋው ያዘጋጀውን ጽሑፍ በእጁ ጽፎ፥ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ከግቢ ይወጣና በአጥሩ ዳር ከተደረደሩት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ፥ በገጽ ይህን ያህል ተባብሎ፥ ለአንዲት ልጅ ገንዘብ ከፍሎ ያስጽፋል። ያው ተማሪ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ግን በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ በራሱ ጣት ይጽፈዋል። ይህን ነገር በየወሩ ስለምናየው አይደንቀንም። ሊደንቀን ግን ይገባል። አሥራ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት ተቀምጦ፥ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፥ ሀ ብሎ የቈጠረውን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ ሌላ ሰው የሚቀጥር ሕዝብ እንዴት ያለ ሕዝብ ነው?

«አገሪቱ ስንት ችግር ተሸክማ ሳለ እናንተ ስለ ኪቦርድ ታወራላችሁን?» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። አዎን፥ እናወራለን። ኮምፒዩተር የሚባለው ዕቃ ውስጡ ምንም ያህል ቢፈጥን ከውጭ የሚነግረው ሰው ከሌለ ሣጥን ነው። የሚነገረውም በማስገቢያ መሣሪያዎቹ በኩል ነው፤ እነርሱም ኪቦርዱ፥ ማውሱ፥ በጣት የሚነካው ስክሪን፥ ማይክራፎኑ፥ ስካነሩ፥ ካሜራው፥ የጣት አሻራ ማንበቢያው ናቸው። እነዚህ በሮቹ ናቸው። በሩ በማን ልክ እንደ ተሠራ ካላወቅን ማን በቀላሉ እንደሚገባ፥ ማንስ አጎንብሶ እንደሚገባ፥ ማንስ ደጅ እንደሚቀር ልናውቅ አንችልም። የደመወዝ መዝገብ፥ የፈተና ውጤት፥ የፍርድ ቤት ፋይል፥ የባንክ ሒሳብ ሁሉ በእነዚህ በሮች በሚገባበት ዘመን ነገሩ የቅንጦት ወሬ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው በር ኪቦርዱ ስለሆነ በእርሱ ላይ ብዙ እንቈያለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በፊታችን የተዘረጋው ኪቦርድ የተወለደው ከጽሕፈት መኪና ነው። አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1868 የባለቤትነት መብት ያወጣለትን መኪና፥ ጠመንጃ ይሠራ የነበረው የሬሚንግተን ፋብሪካ በ1874 ለገበያ አቀረበው። ኪው፥ ደብልዩ፥ ኢ፥ አር፥ ቲ፥ ዋይ እያለ የሚሄደው የላይኛው ረድፍ ከዚያ ዘመን የወረስነው ነው። መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኖት ሳለ ማንም አላነቃነቀውም። ሰው አንድ ጊዜ ጣቱን ካስለመደ በኋላ የተሻለ ነገር ቢያመጡለትም እንቢ እንደሚል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በጽሕፈት መኪናው ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ከአንድ የብረት ክንድ ጋር የታሰረ ነበረ፤ በክንዱም ጫፍ ላይ የተቀረጸው ፊደል ብቻ ይታተማል። አርባ ያህል ቁልፍ፥ በየቁልፉም ሁለት ምልክት ቢደረግ መቶ እንኳ አይሞላም። የእኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ቋና ጓ፥ ኳና ኋ የመሳሰሉት ዲቃሎች፥ ቁጥሩና ነጥቡ ሳይጨመር ማለት ነው። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩና ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሰዎች የታገሉት ከዚህ ሒሳብ ጋር ነበረ። መፍትሔውም ፊደሉን ቈራርጦ፥ ገላውን ለብቻ፥ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ እያተሙ መቀጠል ሆነ። በዚያ መኪና የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ያየ ሰው እግሩ ከገላው ትንሽ የራቀ «ላ»፥ ቀለበቱ ከጎኑ የተንሳፈፈ «ሌ» ማየቱ አይቀርም።

ከዚያ ችግር የተነሣ ሊቃውንቱ ለብዙ ዓመታት ተከራክረዋል። አንዱ ወገን «ሞክሼዎቹ ፊደላት ይቀነሱ» አለ። ሌላው «ሰባቱ ቅርጾች ቀርተው በምልክት ይተኩ» አለ። ጭራሹን በላቲን እንጻፍ ያለም አልታጣም። ሌላው ደግሞ የአባቶች ቅርስ አይነካም ብሎ ቆመ። በዚህ ክርክር ውስጥ ስለ ድምፅና ስለ ትምህርት የቀረበ ጥሩ ጥሩ ምክንያት እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን ከምክንያቶቹ ትልቁ መኪናው ነበረ፤ መኪናው አይችልምና ፊደሉ ይጠር የሚል ነገር ነው። ጫማው ጠበበ ተብሎ እግር ሊቈረጥ ነበረ።

ኮምፒዩተር ይህን ክርክር ሳይነካው አለፈው። እንዴት ቢሉ፥ በኮምፒዩተር ኪቦርድ ላይ ቁልፉና ፊደሉ አልታሰሩም። ቁልፍ ስንጫን ከሥሩ ሁለት መስመሮች ይገናኛሉ፤ ከኪቦርዱ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ቺፕ ረድፉንና ዐምዱን በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየዞረች ስለምትመረምር፥ የትኛው ቦታ እንደ ተነካ ታውቅና የቦታውን ቁጥር ትልካለች። የምትልከው «ኤስ ተጫነ» ብላ አይደለም፤ በዚህ ረድፍ በዚህ ቦታ ያለው ቁልፍ ወረደ፥ ከዚያም ተነሣ ብላ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር ምን ፊደል እንደሚሆን የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው። በቁልፉ ራስ ላይ የታተመው ላቲን ቀለም ብቻ ነው፤ ኮምፒዩተሩ አያየውም። እንግዲህ ሁለት ቁልፍ ተከታትሎ ሲጫን አንድ ፊደል ይውጣ ብሎ ማዘዝ ይቻላል ማለት ነው፤ የተደረገውም ይኸው ነው።

በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ኤስ ሲጫኑ «ስ» ይወጣል፤ ኤ የተባለው የላቲን ፊደል ሲከተል «ሳ» ይሆናል፤ ኢ የተባለው ሲከተል «ሰ» ይሆናል። «ሰላም» ለማለት አምስት ጊዜ መጫን ይበቃል። ሳድሱ ያለ ተከታይ ብቻውን የሚቆም ስለሆነ ከሁሉ ያነሰ ድካም የሚጠይቅ እርሱ ነው። ግዕዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ እያልን በአለንጋ ለተማርነው ሰዎች ሳድስ ቀድሞ ግዕዝ ከእርሱ ሲወለድ ማየት ያስቃል፤ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ቢያዩት ምን እንደሚሉ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ይሠራል። በአማርኛ ጽሑፍ ሳድስ ብዙ ጊዜ ስለሚመጣም አሠራሩ ብልህነት አለው።

ይህ ሁሉ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። እንደ ፍሥሓ አጥላውና እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የኖሩ ኢትዮጵያውያን በ1980ዎቹ ፊደሉን ከኮምፒዩተር ጋር ለማስማማት ደክመዋል። ከዚያ በኋላ በአገር ቤትም በውጭም ልዩ ልዩ ፕሮግራም ወጣ፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የተመሰቃቀለ ምልክት ይሆን ነበረ። በዚህ ምክንያት ስንት መዝገብ፥ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በየዲስኩ ውስጥ ተቀብሮ እንደ ቀረ እግዚአብሔር ይወቀው። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል በዓለም መዝገብ ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገር 4608፥ «ለ» 4616፥ «አ» 4768 ነው። ዊንዶውስ ቪስታም በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። እንግዲህ «ኮምፒዩተር አማርኛ አያውቅም» የሚለው ሰበብ ካበቃ ብዙ ዘመኑ ነው።

ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? የቀረው ሰዉ ነው።

ማንም አላስተማረንም። የኮምፒዩተር ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ማውስ ምን እንደሆነ፥ ኪቦርድ ስንት ቁልፍ እንዳለው ለፈተና አጥንተናል፤ የምንናገረውን ቋንቋ በዚያ ኪቦርድ እንዴት እንደምንጽፍ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልተመደበለትም። ስለዚህ ተማሪው በስልኩ ለእናቱ ሲጽፍ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል፤ እናቱ ፊደል ቈጥረው ዳዊት ደግመው ያደጉ ከሆኑ ጎረቤት ጠርተው ያስነብቡታል።

ሌላም አለ። ጣት ወደ ቀለለው ቁልፍ ይሄዳል ብለናል። «ስ» በአንድ ቁልፍ ሲገኝ «ሥ» ግን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ወይም ሌላ ምልክት አስቀድሞ መጫን የሚጠይቅ ከሆነ ማን «ሠ»ን ይፈልጋል? «ኀ»ም እንዲሁ፥ «ዐ»ም እንዲሁ። ሊቃውንቱ ሃምሳ ዓመት ተከራክረው ያልወሰኑትን ነገር ኪቦርዱ ድምፅ ሳያሰማ እየወሰነው ነው። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚል ሰው ክርክሩን አቅርቦ ቢያሸንፍ እንቀበላለን፤ ነገር ግን የፊደላችን ዕጣ በአንድ ፕሮግራም ሠሪ ምቾት እንዲወሰን አንፈቅድም። ድኅነትን ጽፎ ድህነት የሚያገኝ ሰው ነገሩ ቀልድ አይመስለውም።

የነጥቡም ነገር አለ። በጥንቱ ጽሕፈት ቃልን ከቃል ይለይ የነበረው ሁለት ነጥብ ሥራውን ለረጅሙ የባዶ ቦታ ቁልፍ አስረክቦ ሄዷል፤ ለዚህ አናለቅስም፥ ንባቡ አልተጎዳምና። አራት ነጥብ ግን በየስልኩ ላይ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ በመጫን እየተተካ ነው። ለዐይን አንድ ይመስላል። ለኮምፒዩተሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ ሁለት ሌላ ምልክቶች ተከታተሉ እንጂ። ጽሑፉን የሚፈልግ፥ የሚተረጉም ወይም ጮኾ የሚያነብ ፕሮግራም ዓረፍተ ነገሩ የት እንደ ቆመ ይጠፋበታል። ከዚያ «አማርኛ ለኮምፒዩተር አይመችም» ይሉናል።

ስለ ፍትሕ ካነሣን፥ ችግሩ የሁሉም የአገራችን ቋንቋ እኩል አይደለም። አፋን ኦሮሞ ከ1991 ወዲህ ቁቤን በይፋ ስለያዘ ኪቦርዱ እንዳለ ያገለግለዋል፤ ትግርኛና ሌሎቹ በግዕዝ ፊደል የሚጻፉት ግን የእኛኑ ጣጣ ይካፈላሉ። ስለዚህ የምንጠይቀው ለአማርኛ ብቻ አይደለም።

ማውስን በአጭሩ እንለፈው። ዳግላስ ኤንግልባርት በካሊፎርኒያ ያሠራው የመጀመሪያው ማውስ ሁለት ጎማ ያለው የእንጨት ሣጥን ነበረ፤ በታኅሣሥ 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ አሳየው። የዛሬው ከሥሩ ብርሃን እያበራ የጠረጴዛውን ገጽ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶ ያነሣና አንዱን ከሌላው እያነጻጸረ ወዴት እንደ ሄደ ያውቃል። ድንቅ ነገር ነው። ቋንቋ ግን አይጠይቅም፤ ስለዚህ ከእርሱ ጋር ጠብ የለንም። ይሁንና በመካከላችን የሚማሩ ዐይነ ስውራን ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ የሚረሱ መምህራን «እዚህ ላይ ክሊክ አድርጉ» ብቻ እያሉ ሲያስተምሩ እንሰማለን። ለእነዚህ ተማሪዎች ማውስ ምንም አይጠቅምም፤ ሥራቸው ሁሉ በኪቦርዱ ነው። በኤፍና በጄ ቁልፎች ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አመልካች ጣታቸው ዳስሶ ያገኛቸዋል፤ ከዚያ ሌላው ሁሉ በልብ ነው። ከእኛ ይልቅ ኪቦርዱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የሚጽፉትን መልሶ የሚያነብላቸው ድምፅ ደግሞ «አለ» ሲል ጠብቆ ይሁን ላልቶ ስለማይለይ፥ «ተናገረ» እና «ይገኛል» እየተደባለቁባቸው ይቸገራሉ። ይህን የሚያስተካክል ሰው ከቋንቋ ትምህርት ክፍልና ከኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል በጋራ ካልመጣ ከየት ይመጣል?

በጣት የሚነካው ስክሪን ለፊደላችን ከሁሉ የዋህ ሆኖ አግኝተነዋል። ጣታችን ሲቀርብ በመስተዋቱ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ይለወጣልና ቦታው ይታወቃል፤ ጓንት ያደረገ እጅ የማይሠራበትም ለዚህ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ቁልፎቹ በፕላስቲክ ላይ አልተቀረጹም፤ በብርሃን የተሣሉ ናቸው። ስለዚህ ላቲኑን አንሥቶ «ሀ ለ ሐ መ» ማስቀመጥ ይቻላል፤ «ለ» ሲነካ ሰባቱ ቤት ሊዘረጋ ይችላል። ላቲን ያልቈጠሩ አዛውንት በስልክ አማርኛ ሲጽፉ የምናየው ለዚህ ነው። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፊት ቢያስቀምጧቸው ግን «ለ» የት እንዳለ አያገኙትም፤ «ኤል» የሚባለውን የባዕድ ፊደል አስቀድመው መማር አለባቸውና። አማርኛ ለመጻፍ በመጀመሪያ ላቲን ተማር መባል በጣም ያሳፍራል። በየቁልፉ ጎን የግዕዝ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ ማስመጣት ባይቻል እንኳ፥ በቁልፉ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ማሳተም ስንት ያስወጣል?

«አትድከሙ፥ ወደፊት ሰው ተናግሮ ማሽኑ ይጽፋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፥ ጉግል በ2017 በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ ከፍቷል፤ ሞክረነዋል፥ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚናገር ሰው መልካም ይሠራል። ማይክራፎኑ የአየሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ኮምፒዩተሩም ያንን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ቁጥር ያደርገዋል፤ ቁጥሩን ቀድሞ ከሰማው የሰው ድምፅ ጋር እያነጻጸረ ቃሉን ይገምታል። ቀድሞ የሰማው የማንን ድምፅ ነው? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። የጎጃሙ፥ የጎንደሩ፥ የወሎውና የመንዙ ገበሬ አነጋገር በመዝገቡ ውስጥ ከሌለ፥ በሩ የተከፈተው የሬዲዮ አንባቢ ለሚመስል ሰው ብቻ ይሆናል። ደግሞም ድምፅ ሠዓሊንና ሰአሊን አይለይም፤ የትኛውን ፊደል መምረጥ እንዳለበት ማሽኑ የሚማረው አስቀድሞ በኪቦርድ ተጽፎ ካገኘው ጽሑፍ ነው። እኛ አበላሽተን ከጻፍነው እርሱም አበላሽቶ ይጽፋል። ስለዚህ ወደ ኪቦርዱ ተመለስን። ከዚህም በላይ አርባ ሰው በሚያነብበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጮኾ መጻፍ አይቻልም።

ስካነሩም ያው ነው። በብርሃን መስመር ገጹን እየጠረገ ፎቶውን ያስገባል፤ ፎቶውን ወደ ፊደል የሚለውጡ ፕሮግራሞችም ለአማርኛ አሉ። ነገር ግን «ሉ»ን ከ«ሊ»፥ «ጸ»ን ከ«ጻ» የምትለየው አንዲት ጭረት ስለሆነች፥ ቀለሙ በፈዘዘ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ይሳሳታሉ፤ ያን ጊዜ አንብቦ የሚያርም፥ ኪቦርድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በየቤተ መጻሕፍቱ አቧራ ለብሶ ያለው የአማርኛ ጋዜጣና መጽሔት የሚድነው በዚህ መንገድ ነውና ተማሪው ለዚህ ሥራ መሰልጠን አለበት።

የጣት አሻራ ማንበቢያውን ሳናነሣ አናልፍም፤ አሁን ሁላችንንም የሚነካ ነውና። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2023 ከወጣ ወዲህ ለፋይዳ የሚመዘገብ ሰው የዐሥር ጣቶቹን አሻራ፥ የሁለት ዐይኖቹን ብሌንና ፊቱን ይሰጣል። አሳቡን አንቃወምም፤ መታወቂያ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚንገላታ እናውቃለን። ነገር ግን ድንጋይ ሲፈልጥ፥ ሲያርስ፥ ልብስ ሲያጥብ የኖረ ሰው አሻራው ይፋቃል፤ ማሽኑም እንቢ ይለዋል። ከሌላው ይልቅ መታወቂያው የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ሰው ነው። ስለዚህ ማሽኑ እንቢ ሲል «ሂድና ነገ ተመለስ» የማይል፥ ሌላ መንገድ የሚያውቅ ሠራተኛ በየማሽኑ አጠገብ መኖር አለበት። ሁለተኛው ነገር ስም ነው። ጣት አንድ ሲሆን ስም ግን በኪቦርድ የሚገባ ነው። «ጸጋዬ» በግዕዝ ፊደል አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያልቅ ስም ሆኖ ሳለ፥ ወደ ላቲን ሲገለበጥ እንደ ጸሐፊው አራትና አምስት ዐይነት ይሆናል። በአንድ መሥሪያ ቤት የፈተናው ወረቀት አንድ ዐይነት፥ የመታወቂያው ሌላ ዐይነት ሆኖበት፥ እርሱ እርሱ መሆኑን ለማስመስከር ሁለት ወር የተመላለሰ ተማሪ በመካከላችን አለ። ቅጹ የግዕዙን ስም ዋና አድርጎ ይዞ ላቲኑን ተከታይ ቢያደርገው ያ ሁሉ ጉዳይ ባልተነሣ ነበረ።

እንግዲህ በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ተማሪ በግዕዝ ፊደል የመጻፍ ልምምድ ይስጥ፤ ጣት ሳያዩ መጻፍን ማለታችን ነው፥ በአንድ ጣት እየለቀሙ መጻፍን አይደለም። በቤተ ሙከራዎቹ ባሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ የአማርኛውና የትግርኛው አጻጻፍ ተከፍቶ ይቆይ፤ ተማሪው በገባ ቁጥር አስተዳዳሪ ፍለጋ አይሂድ። የሬጅስትራሩ ቅጽ ስምን በግዕዝ ይቀበል። የትኛው የቁልፍ አደረጃጀት ይመረጥ በሚለው ላይ ወዳጆቻችን ሁለት ሆነዋል፤ ገሚሱ በላቲኑ ድምፅ የሚሄደውን፥ ገሚሱ «ለ» የራሱ ቁልፍ የሚኖረውን ይመርጣል። ሁለተኛው ክብር እንዳለው እናምናለን። ነገር ግን የሬሚንግተንን ረድፍ መቶ ሃምሳ ዓመት ያቆየው የጣት ልማድ እኛንም ስለሚይዘን፥ በሺህ የሚቈጠር ሰው የለመደውን የመጀመሪያውን ለዛሬው ትምህርት መያዝ ይሻላል እንላለን፤ ላቲን ለማያውቀው ሰው ደግሞ ሁለተኛው ክፍት ይሁንለት።

ማኅበራችንም የዩኒቨርሲቲውን መልስ እስኪሰማ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ማታ ማታ ቤተ ሙከራው ሲዘጋ አንዱን ክፍል አስፈቅዶ፥ ከጽሕፈት ቤቶቹ ልጆች ሁለቱን ቀጥሮ ማስጀመር ይችላል፤ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ መምህር የለምና። ዐይነ ስውራኑም ኪቦርዱን እንዲያስተምሩ ይጠየቁ። ለመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ሠዓሊና ሰአሊ፥ ድኅነትና ድህነት፥ ሠረቀና ሰረቀ፥ በየመጨረሻውም አንድ እውነተኛ አራት ነጥብ ይበቃል።